ግብሩ ወዴት ይገባል? የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ጥያቄ

ዋጋ ሲንርና የመንግሥት ካዝና ሲጎድል መንግሥት ማንን ይደግፋል? ጎዶሎውንስ ከማን ይሞላል? ጥያቄው የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ብቻ ይመስላል። እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ሰሞኑን ስንከራከርበት የከረምነው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ታሪክ ውስጥ ይህን ጥያቄ መጀመሪያ በአቤቱታ፣ ኋላም ነፍጥ አንሥቶ የጠየቀው ምሁር ሳይሆን የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ሆኖ ስላገኘነው ነው። ከዓባይ በረሃ ወጥቶ ደጀንን፣ የጥኖራን፣ ቢቸናን ይዞ እስከ ሞጣ የሚዘልቀውን የጤፍ አገር ማለታችን ነው።

በ1960 ዓ.ም. የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ አዲሱን የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ መነሣቱን ሁላችንም በክፍል ውስጥ በሁለት መስመር አልፈነዋል። «ጎጃሜ ርስቱን ወዳድ ነው፤ ስለዚህ ግብር እንቢ አለ» ይባልና ነገሩ ያልቃል። ጓደኞቻችን ይፍቀዱልንና፣ በእኛ አስተያየት ነገሩ እዚያ ላይ አያልቅም። ገበሬው የተጣላው ከግብሩ መጠን ይልቅ ከግብሩ መንገድ ጋር ነበር። ማን ይቆጥረዋል? ማን ይቀበለዋል? ወዴት ይሄዳል? ምንስ ሆኖ ይመለሳል?

መንገዱን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ከጣሊያን ወረራ በፊት የጎጃም ሹም ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ሹመት ማለት አገር መብላት ነው፤ ቃሉ ራሱ እውነቱን አይደብቅም። ሹሙ ጉልት ይሰጠዋል፤ ከጉልቱ እህሉን፣ ማሩን፣ በጉን፣ የገበሬውንም ጉልበት ይበላል፤ በምትኩ ይዳኛል፣ ዘመቻ ሲጠራም ይዘምታል። እስከ 1924 ዓ.ም. ጎጃምን የገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በግብር አጣጣልም በንግድ ዘዴም የታወቁ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲና ሲኒማ ቤት እስከ ማሠራት የደረሱ መስፍን ናቸው። የጎጃም ማርና ጤፍ አዲስ አበባ ላይ ሲኒማ ሆኖ ታየ ብንል ቀልድ ነው፤ ግን ከእውነቱ ብዙም አይርቅ።

ከነጻነት በኋላ ይህ ልማድ እንዲቀር ታሰበ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ደንብ ሹሙን ደመወዝተኛ አደረገው። ግብሩ ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር ይግባ፣ ከዚያም በጀት ሆኖ ይመለስ ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ማን ይጠላዋል! ግን ልብ እንበል፤ የቀድሞው ሹም ቢበላም ብዙውን ጊዜ እዚያው አገር ውስጥ ነበር የሚበላው። አሁን ብሩ ከቢቸና ወጥቶ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል። ከተመለሰም በአብዛኛው ለፖሊስ፣ ለዳኛና ለጸሓፊ ደመወዝ ነው። ደመወዙ ደግሞ ትንሽ ስለ ሆነ ሹሙ መብላቱን አልተወም። ስለዚህ ገበሬው ለአንድ አስተዳደር ሁለት ጊዜ ይከፍል ጀመር፤ አንዱን በደረሰኝ፣ ሌላውን ያለ ደረሰኝ።

የመሬት ግብሩ በ1937 ዓ.ም. ሲወሰን በቀላድ የተለካው አገር በጋሻ እንዲከፍል ሆነ። ከአሥራቱ ጋር ተደምሮ ለም መሬት 50 ብር፣ ለም ጠፍ 40 ብር፣ ጠፍ 15 ብር ነበር። ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ ግን ከጦርነቱ በፊት፣ በ1927 ዓ.ም. ይከፍሉት በነበረው ልክ ይክፈሉ ተብለው ተተዉ። ስጦታ እንዳይመስለን! የጎጃም ሰው መሬት ለካ የሚባለውን ነገር ገና ከጅምሩ አላስገባም ብሎ ስላስቸገረ ነው። የቢቸናው አርበኛ ደጃዝማች በላይ ዘለቀም በአዲስ አበባ የተሰቀለው በዚያው በ1937 ዓ.ም. ጥር ወር ነው። የእሱ ጠብ የግብር ጠብ አልነበረም፤ ነገር ግን የቢቸና ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ የመጡትን ሁለቱን ነገሮች ለያይቶ ያያቸው አይመስለንም።

ከዚያ በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር ተጨመረ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶም የጤና ግብር። የትምህርቱ ግብር በተለይ ደግ ሐሳብ ነበረበት፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ የተሰበሰበው ለዚያው ጠቅላይ ግዛት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲውል፣ የአገሬው ሰዎች ያሉበት ቦርድ እንዲቆጣጠረው ታስቦ ነው የወጣው። የአካባቢ አስተዳደር በራሱ ገንዘብ ይቁም የሚለው ሐሳብ ከዚህ የተሻለ ጅምር አልነበረውም። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ከተማ ቀረ። በደጋውም በቆላውም ያለው አብዛኛው ገበሬ ልጁን ከቄስ ትምህርት ቤት ሌላ የሚልክበት አልነበረውም፤ ግብሩን ግን ከፈለ። ስለ ጤናውማ ምን እንላለን! ሐኪም ቤት ሳያይ የሐኪም ቤት ግብር የከፈለ ሰው ግብር የሚለውን ቃል እንዴት እንደሚሰማው አንባቢ ይገምት።

እንግዲህ ኅዳር 1960 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። በወረቀት ላይ ስናነበው ክፉ ሕግ አይደለም፤ ይህን ሳንሸሽግ እንናገራለን። አሥራትን ሻረ፤ ብዙ የሚያገኝ ብዙ፣ ጥቂት የሚያገኝ ጥቂት ይክፈል አለ። የመንግሥቱ ወጪ እያደገ ሄዶ ነበርና ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ እስከዚያ ጊዜ ብዙም ሳይነኩ የኖሩትን ታላላቅ ባለመሬቶች ያስከፍላል የሚል ተስፋም ነበረበት። ታዲያ ምን ያደርጋል፤ ምክር ቤቱ ውስጥ የተቀመጡት እነዚያው ባለመሬቶች ናቸው። ሲያቅማሙበትና ሲሸራርፉት ከርመው አሳለፉት። በደቡብ ባለመሬቱ ሸክሙን ወደ ጭሰኛው ማንከባለል ይችላል። በጎጃም ግን የሚያንከባልልበት የለም፤ ገበሬው ራሱ ባለርስት ነው።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የጎጃም ርስት እንደ ሱቅ ዕቃ በአንድ ሰው ስም የተጻፈ አይደለም። አገሩን መጀመሪያ ባቀናው አባት ስም ይጠራል፤ ከዚያ አባት እወለዳለሁ የሚል ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል፤ ግብሩም በአባት ስም ተሰብስቦ ይገባል። ማን ስንት ጥማድ እንደሚያርስ መንግሥት አያውቅም። አዲሱ ሕግ ግን ገማች ይምጣ፣ የእያንዳንዱን ሰው ማሳና ምርት ይገምት አለ። ለሚኒስቴሩ ይህ ሂሳብ ነው። ለሞጣ ገበሬ ግን የቀላድ ታናሽ ወንድም ነበር። ዛሬ ማሳውን በስምህ ጽፎ የሄደ ሰው ነገ ይህ ትርፍ ነው፣ ይህ የመንግሥት ነው ብሎ እንደማይመለስ በምን ይታወቃል? በቀላድ የተለካው የደቡብ ሰው በገዛ አገሩ ጭሰኛ መሆኑን ጎጃም ሰምቷል፤ ሠራዊት ሆኖ የዘመተ፣ ቡና ለቀማ የሄደ ሰው አይቶ መጥቷል። ፍርሃቱ ባዶ ወሬ አልነበረም።

በዚህ ላይ ገዥው ነበሩ። ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ የሸዋ ሰው ናቸው። ገበሬው በእሳቸው ላይ ካነሣው ቅሬታ ውስጥ የመሣሪያ ምዝገባና ክፍያው፣ እንዲሁም በልማት ስም የሚጣለው መዋጮ ይገኝበታል። ጠመንጃ ለጎጃም ገበሬ ምን እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ በአምስቱ ዓመት ያቆመው እሱ ነው። መዋጮውም የታወቀ ዘዴ ነው፤ በሕግ የተመደበ በጀት በማይበቃበት አገር ሹሙ በመዋጮ ያስተዳድራል። ታዲያ ገማቹ ሲመጣ ገበሬው ያየው አዲስ ሕግ አይደለም፤ የገዥውን እጅ ነው ያየው። ተሰባስቦ መክሮ፣ ሽማግሌ ልኮ አቤት አለ። ገማች አናስገባም፣ ገዥውም ይነሡልን አለ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት ዘመን ክሱን በንጉሡ ላይ አላደረገም፤ በሹሙ ላይ አደረገ እንጂ። ብልህነት እንደሆነ እንቁጠርለት።

የመጀመሪያው መልስ ጦር ነበር። ሠራዊት ተላከ፤ አውሮፕላን መንደር በቦምብ ደበደበ፤ ቤት ተቃጠለ፤ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው ሁለተኛው መልስ የመጣው። ደጃዝማች ፀሐዩ ተነሡ፤ አዲሱ ግብር በጎጃም ወረቀት ሆኖ ቀረ፤ ለብዙ ዓመት ሲወዘፍ የኖረውም ግብር ተማረ። የተነሡት ገዥ ወደ ከፋ ተዛወሩ። በ1966 ዓ.ም. የጅማ ሕዝብ ደግሞ ይነሡልን ብሎ በአደባባይ ወጣባቸው። መንግሥት የጎጃምን ቅሬታ የሰማው በዚህ ልክ ነው፤ ሹሙን ከአንድ ገበሬ ወስዶ ለሌላ ገበሬ ሰጠ።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አንድ ነገር እንድንጨምር ይገደናል። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ከቢቸና ብዙ በማትርቀው በዲማ አካባቢ ያለው ባላገር በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚነሣው ያልተለመደ ግብር ስለ ተጠየቀ ነው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ የልብ ወለዱ ነገር በዚያው አገር እውን ሆነ። ሚኒስትሮቹ መጽሐፉን አላነበቡትም ይሆን? ወይስ ያነበቡት ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ብቻ ነው?

አሁን ወደ ክርክራችን። «መሬት ለአራሹ» ብሎ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ምክር ቤቱ በር ድረስ የወጣው የተማሪ ትውልድ የጎጃምን ዐመፅ ምን እንደሚለው ግራ ገብቶት ነበር። ገበሬ ተነሣ፤ ጥሩ። ግን የተነሣው ርስቱን ይዞ ለመቆየት ነው፤ ከጎኑ የቆሙም የአገሬው መኳንንት ነበሩ፤ የተቃወመውም ሕግ በወረቀት ከነበሩት ሁሉ ወደ ፍትሕ የቀረበው ነው። አድኃሪ ነው ወይስ ተራማጅ? ከመካከላችን ዛሬም አድኃሪ ነው የሚሉ አሉ። እኛ አብዛኞቻችን ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ይመስለናል። ሕጉ በአዲስ አበባ ሲታይ ተራማጅ ነው፤ ቢቸና ሲደርስ ግን ያው አገር በላው ሹም ነው ይዞት የመጣው። ገበሬው ሕጉን ሊለይበት የሚችለው በአምጪው ብቻ ነበር።

ይህንን ለማመን በዚያው ዘመን ሌላው ወገን እንዴት እንደ ተያዘ ማየት ይበቃል። በ1950ዎቹ የወጡት የካፒታል ማበረታቻ ሕጎች 200,000 ብርና ከዚያ በላይ ለሚያወጣ አዲስ ድርጅት የአምስት ዓመት የገቢ ግብር ምሕረት ይሰጣሉ። የእርሻ መኪና ከቀረጥ ነጻ ይገባል። በጭላሎ ባለመሬቱ ከቀረጥ ነጻ የገባውን ትራክተር ይዞ ጭሰኛውን ከመሬቱ ሲያስነሣ ድጋፉ የመንግሥት ነበር። ልማት ያለ ማበረታቻ አይሆንም የሚለውን ክርክር እንረዳለን። ግን ሂሳቡን አንድ ላይ እናድርገው፤ ባለ 200,000 ብሩ አምስት ዓመት ይማራል፣ ባለ አንድ ጥማድ በሬው ግን ገማች ይላክበታል።

የ1966ቱ ታክሲ ነጂዎችም ምሳሌ ናቸው። በዓለም የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ የአዲስ አበባ ቤንዚን ዋጋ ተጨመረ። ታክሲዎች በየካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ መምህራኑም በራሳቸው ጥያቄ አቁመው ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑ ዋጋ እንዲቀነስ አደረጉ። ታክሲ ነጂው ሲገባው ነው፤ አንቀናበትም። የምንለው ሌላ ነው። የታክሲ ነጂው ድምፅ ቤተ መንግሥት ለመድረስ አምስት ቀን ፈጀበት፤ የሞጣ ገበሬ ድምፅ ግን ወሮች ፈጅቶበት፣ በመንገድ ላይም ቦምብ አገኘው። ልዩነቱ የፍትሕ ሳይሆን የኪሎሜትር ነው።

መድኃኒቱ ጠፍቶ ነበር እንዳይባል፣ አልጠፋም። መጋቢት 1958 ዓ.ም. የወጣው የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ ቁጥር 43 በተመረጡ አውራጃዎች ሕዝቡ ምክር ቤት እንዲመርጥና የአካባቢውን ትምህርት፣ ጤናና መንገድ ራሱ እንዲያስተዳድር አሰበ። ይህ እንዲሆን ግን አውራጃው ከሚሰበስበው ግብር የራሱን ድርሻ ማስቀረት አለበት። ገንዘቡን የሚመለከተው ሕግ በምክር ቤቱ ሳያልፍ ቀረ። አውራጃው ራሱን እንዲያስተዳድር ተፈቀደለት፤ በምን ብር? ዝም! ሁለቱ ጉዳዮች በሁለት ዓመት ልዩነት ተከታትለው መምጣታቸው ያሳዝነናል። ቢቸናና ሞጣ ግብሩን ሰብስበው በገዛ ምክር ቤታቸው ፊት የሚቆጥሩት ቢሆን ኖሮ ገማቹ ከአገሬው ልጆች አንዱ በሆነ ነበር። እንቢታው ይቀር ነበር አንልም፤ ጠቡ ግን ከጎረቤት ጋር ይሆን ነበር፤ ከጎረቤት ጋር የተጣላ ደግሞ አውሮፕላን አይጠራም።

ደርግ መጣ። የካቲት 1967 ዓ.ም. መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጉልትም ጭሰኝነትም ቀረ። ስለዚህ ትልቅ ነገር ብዙ ስለ ተጻፈ አንደግመውም፤ ድጋፉ ለማን ሄደ የሚለውን ብቻ እንከተል። በ1968 ዓ.ም. የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ኋላም ገበሬው ከምርቱ ኮታ በተወሰነ ዋጋ እንዲያስገባ ተደረገ። ጎጃምና አርሲ ላይ የግል ነጋዴው ከእህል ንግድ እስከ መታገድ ደረሰ። የማዳበሪያውና የሸቀጡ ዋጋ ይወጣል፤ የጤፉ የኮታ ዋጋ ግን ለዓመታት ከቦታው አይነቃነቅም። ምርቱ ያልደረሰለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታውን በርካሽ ያስገባ ነበር። ይኸ እንግዲህ ግብር አይባልም፤ ስም የለውም። ገማች ሳይላክ፣ ቀላድ ሳይዘረጋ፣ ጎጃም በ1960 ዓ.ም. እንቢ ያለውን ያህልና ከዚያ የበለጠ በኪሎ ተወሰደ።

በሌላ ወገን የመንግሥት እርሻዎች እህላቸውን ለዚያው ድርጅት ገበሬው ከሚያገኘው በተሻለ ዋጋ ያስገቡ ነበር፤ ኪሳራቸውንም ግምጃ ቤቱ ይሸፍናል። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ደግሞ በብድርም በማዳበሪያም ቅድሚያ ነበራቸው። በሞዴልነት ስማቸው ከሚጠራው አንዷ የጥኖራ ናት። መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ እየተባለ በደረጃ የሚወጣው መሰላል እዚያ ገበሬ ደጃፍ ላይ ተተክሎ ነበር። ከጎኗ ያለው የግል ገበሬ ማዳበሪያውን ሲጠብቅ እሷ ቀድማ ታገኛለች። እንግዲህ ይህን ከ200,000 ብሩ ምሕረት ጋር እናነጻጽር፤ ርዕዮተ ዓለሙ ከእግር እስከ ራሱ ተገልብጧል፣ አሠራሩ ግን ያው ነው። መንግሥት ለመቁጠር የሚመቸውን፣ ለእንግዳ ለማሳየትም የሚያምረውን ይደግፋል፤ ወጪውን ከማይታየው ይሰበስባል። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኤኮኖሚ ሲታወጅ በአገሪቱ ያሉ ማኅበራት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ፤ አባሎቻቸው በሬና መሬት ተካፍለው ወደየማሳቸው ሄዱ። ዐመፅ አልነበረም፤ ተኩስም አልነበረም። ብቻ ተበተኑ።

በእኛ ዘመን የሆነውን በአንድ ዐረፍተ ነገር እናስገባ፤ ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሣት ሲጀምር፣ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ተመዝግበው በቴሌብር በኩል የታለመ ድጎማ እንዲያገኙ ተደረገ፤ የተመዘገበ ሞተር ያለው ሰው መንግሥት ያየዋል ማለት ነው። ጤፉን በአህያ ጭኖ ወደ ቢቸና ገበያ የሚወርደው ሰው ግን በየትኛው ስልክ ይመዝገብ?

ወደ ሞጣ እንመለስ፤ የግብሩ መንገድ በዐይን የሚታይበት አንድ ቦታ እዚያ አለና። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ፣ በፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆረጠ፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመሬት ግብሩ፣ የትምህርቱ፣ የጤናው፣ መዋጮውም፣ ኮታውም እየተከታተሉ ሲመጡ ድልድዩ እንደ ተቆረጠ ኖረ። ከወዲያና ከወዲህ የቆሙ ሰዎች ገመድ ይዘው ተሻጋሪውን ከታች ዓባይ እየጮኸ በአየር ላይ ይጎትቱት ነበር። በ1994 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ የዚህን ገመድ ፎቶግራፍ በመጽሔት ላይ አይቶ ከጓደኞቹ ጋር መጣ፤ ዕቃው በአህያ ተጭኖ ወረደ፤ ክፍቱም ተጋጠመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. ከጎርፉ በላይ ከፍ ብሎ የሚያልፍ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። የገበያ ሰው ዛሬ በእሱ ላይ ይሻገራል።